ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ምንድን ነው? ማንንስ መምሰል አለበት?

አክስቴ ጥርሷ ፍንጭት ነበር። በእኛ አገር ፍንጭት ስንት ጊዜ እንደተዘፈነለት መናገር አያስፈልግም። ዕድሜ ሲገፋ ጥርሶቿ አንድ በአንድ ወለቁ። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ መሸፈን ጀመረች። አንድ ቀን ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ልጠይቃት ስገባ አዲስ ጥርስ አድርጋ ጠበቀችኝ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም እኩል፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ የተደረደረ።

«እንዴት ነው እቴቴ?» አልኳት።

«የሰው ጥርስ የተዋስኩ ይመስለኛል» አለችኝ።

እውነቷን ነበር።

ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራው ከላይ ወይም ከታች አንድም የተፈጥሮ ጥርስ ላልቀረው ሰው ነው። ባለሙያዎቹ ደንቸር ይሉታል። ብዙ ሰው «ጥርስ አስተከለች» ይላል፤ ግን ይሄኛው አይተከልም። ድድ ላይ ይቀመጣል፣ ሲፈለግ ይወጣል። የሚተከለው አጥንት ውስጥ በብሎን የሚታሰረው ነው፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ ከላይ 14፣ ከታች 14 ጥርስ ይደረደራል። ድድ የሚመስለው ክፍል አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ ነው። አክሪሊክ ለዚህ ሥራ የገባው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሆን ከዚያ በፊት የጠነከረ ጎማ ነበር የሚጠቀሙት።

የላይኛው ላንቃን ሸፍኖ በስስ የምራቅ ሽፋን ይያዛል። ሁለት እርጥብ መስተዋት ሲደራረቡ እንደሚጣበቁት ማለት ነው። የታችኛው ግን ለምላስ ቦታ መተው ስላለበት መሃሉ ክፍት ነው። ስለዚህ ከላይኛው ይልቅ እሱ ነው የሚያስቸግረው።

አሁን ወደ መልኩ እንምጣ። ጥርስ ሲወልቅ የሚጠፋው ጥርሱ ብቻ አይደለም። ይዞት የነበረው አጥንትም ይሟሟል፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። ከንፈር ወደ ውስጥ ይገባል፣ አገጭ ወደ አፍንጫ ይጠጋል። ስለዚህ የጥሩ ጥርስ የመጀመሪያ ሥራ ከንፈርን መደገፍ ነው። ግን ጥርሱ ድሮ የት ላይ እንደነበር በምን ይታወቃል? ላንቃዎ ላይ፣ ከፊት ጥርሶች ጀርባ፣ ምላስዎ የሚያገኛት ትንሽ እብጠት አለች። ጥርስ ሁሉ ቢረግፍ እሷ ትቀራለች። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ብዙ ጊዜ ከእሷ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ነው የሚቆሙት። የአፍንጫ ስፋት ደግሞ ክራንቻዎቹ የት እንደሚደርሱ ይጠቁማል። ፊት ራሱ ካርታ ነው ማለት ይቻላል።

ቁመቱም አለ። አፍ ሲያርፍ በላይና በታች ጥርስ መካከል ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ጥርሱ ከረዘመ ሲያወሩ ይንቋቋል፣ ከንፈርም በግድ ነው የሚገጥመው። ካጠረ ፊት ይጨማደዳል፣ የአፍ ጥግም ይቆስላል። በአማርኛ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ አለን፤ «ስልሳ ስድስት» ይበሉ። «ስ» ሲሉ የላይና የታች ጥርሶች ይቀራረባሉ እንጂ አይጋጩም። ከዚያ «ፈረስ» ይበሉ። «ፈ» ላይ የላይኛው ጥርስ ጫፍ የታችኛውን ከንፈር ነካ ማድረግ አለበት።

ቀለም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። በብዛት የሚሠራበት የቀለም ማሳያ 16 ዓይነት አለው። ሰው ግን ሁልጊዜ ጣቱን በጣም ነጩ ላይ ያሳርፋል። የ65 ዓመት ሰው ጥርስ እንደ በረዶ አይነጣም፤ ይጠቁራል፣ ጫፉም ይበላል። ባለሙያው ይህን ካላስመሰለው ጥርሱ ከሩቅ ያስታውቃል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ትንሽ ጎበጥ ያለች አንዲት ጥርስ ከአሥር ነጭ ጥርስ ትበልጣለች። ድዱም እንደዚያው ነው። የብዙዎቻችን ድድ ጠቆር ያለ ነው፤ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችም አሉ። አክሪሊኩ ግን ብዙ ጊዜ ቀይ ሮዝ ሆኖ ይመጣል። ጠቆር ያለም ስላለ መጠየቅ ነው።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው በሰም ሙከራ ነው። ጥርሶቹ መጀመሪያ የሚደረደሩት ሰም ላይ ነው። ሰሙ አፍ ውስጥ ገብቶ፣ መስታወት ተይዞ፣ ተስቆ፣ ተወርቶ ይታያል። ያልወደዱት ጥርስ እዚያው ይነቀላል፣ ይዞራል። ወደ አክሪሊክ ከተቀየረ በኋላ ግን «ይሄን ትንሽ ገፋ አድርግልኝ» ማለት የለም። የመጀመሪያውን የሠሩላት ሰዎች አክስቴን ይህን አላሳዩዋትም። ልኬት ወሰዱ፣ ቀጠሮ ሰጡ፣ ያለቀለትን አስረከቡ።

በሁለተኛው ጊዜ ሌላ ቦታ ይዣት ሄድኩ። የወጣትነት ፎቶዋን ይዘን ነበር፤ ጥቁርና ነጭ፣ ፍንጭቷ ፍንትው ብሎ የሚታይ። ሐኪሙ ሰሙን አስገባላትና ፎቶውን አየት አደረገ።

«እማማ፣ ይህቺን ክፍተት ልተዋት ወይስ ልድፈናት?»

«ልጄ፣ እሷን ፈልጌ አይደል የመጣሁት!»

ተወላት።

አያያዙ ብዙ አይደለም። ማታ አውልቆ ውሃ ውስጥ ማሳደር፣ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ማጠብ። የፈላ ውሃ ቅርጹን ያበላሸዋል፤ የጥርስ ሳሙናም ይፍቀዋል። አጥንቱ እየሟሟ ስለሚሄድ ከጊዜ በኋላ መላላቱ አይቀርም፤ ያኔ ውስጡን ማስሞላት ነው። ላንቃ ስለሚሸፈን ደግሞ የትኩስ ነገር ስሜት ይቀንሳል። አክስቴ በመጀመሪያው ሳምንት አቦሉን ፉት ብላ ጉሮሮዋን አቃጥላለች።

አሁን ለምዳዋለች። ቆሎ ግን ዛሬም በሙቀጫ አስወቅጣ ነው የምትበላው።