ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከውሃው ነው፦ የጣሊያን የአትክልት ምግብን በተመለከተ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጣሊያን ምግብ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሥጋ የበዛበት ስጎ፣ ላዛኛ እና ፎርማጆ ነው። በጣሊያን ቤቶች በሥራ ቀን ማታ የሚቀርበው ግን ብዙ ጊዜ ፓስታ በዝኩኒ፣ የአትክልት ሾርባ ወይም በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ቅጠል ነው። ግብዓቱ ከአራት ከአምስት ስለማይበልጥ ስህተትን የሚደብቅ ቅመም የለውም። የሚበላሸው ደግሞ በአብዛኛው በውሃ ነው፤ ፓስታው በተቀቀለበት፣ ቲማቲሙ ባቆረው፣ ዝኩኒው በሚተፋው ውሃ።

«ስጎ የሚጣፍጠው ሽንኩርቱ በደንብ ተቁላልቶ ለሰዓታት ሲንተከተክ ነው»

ይህ የወጥ ሕግ ነው። «ስጎ» የሚለውን ቃል ከጣሊያንኛ ወሰድን፤ አሠራሩን ግን ወደ ወጥ አመጣነው፦ ብዙ ቀይ ሽንኩርት፣ ቁሌት፣ የቲማቲም ድልህ፣ አንዳንዴም በርበሬ። ራሱን የቻለ ጥሩ ምግብ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ከትኩስ ቲማቲም የሚሠራው የጣሊያኖቹ ግን ሌላ ነው። ለሰዓታት የሚበስለው ራጉ ነው፤ ውስጡ ያለው ሥጋ እስኪለሰልስ ጊዜ ይፈልጋላ። ቲማቲም ብቻውን ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ሲበዛበት የፍሬው መዓዛ ይጠፋና ድልህ ድልህ ይላል።

ለአራት ሰው 1 ኪሎ በደንብ የበሰለ ቲማቲም ያስፈልጋል። ሞላላው ይመረጣል፤ ሥጋው ወፍራም፣ ውሃው ትንሽ ነው። ታቹን በቢላ በመስቀል ቅርጽ ጫር አድርገው ለግማሽ ደቂቃ በሚፈላ ውሃ፣ ወዲያው ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ይንከሩት፤ ልጣጩ በጣት ይወጣል። ለሁለት ከፍለው ዘሩን ማጥለያ ላይ ይጭመቁና ዘሩን ብቻ ይጣሉ። ጭማቂውን አይድፉት፤ ጣዕሙ የሚበዛው እዚያ ነው።

ቲማቲሙ የሚበስለው በሰፊ መጥበሻ እንጂ በጠባብና ጥልቅ ድስት አይደለም። በድስት ውስጥ እንፋሎቱ ቶሎ ስለማይወጣ ቲማቲሙ በራሱ ውሃ ይቀቀላል። 4 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይትና 2 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀጥሎ ቲማቲሙ ከነጭማቂው፣ ጨው፣ መካከለኛ እሳት፣ ክዳን የለም። መድረሱ የሚታወቀው ማማሰያው ያለፈበት መንገድ ለአፍታ ክፍት ሆኖ ሲቆይና ዘይቱ ዳር ዳሩን ሲለይ ነው። ከእሳት ሲወርድ ባዚሊኮ በእጅ ቆራርጦ ጣል ማድረግ ነው። የእኛ በሶብላ የባዚሊኮ የቅርብ ዘመድ ነው፤ መዓዛው ግን የተለየና ጠንከር ያለ ስለሆነ እሱን ከተጠቀሙ ጥቂት ቅጠል ይበቃል። ለሽሮ የሚገባው የደረቀው በሶብላ ግን እዚህ ቦታ የለውም።

«ስኳር ሲጨመርበት ኮምጣጣነቱ ይጠፋል»

አሲዱ ባለበት ነው፤ ስኳሩ ምላስን ያታልላል እንጂ። ችግሩ ያልበሰለ ቲማቲም ነው። ሁለት ሦስት ቀን ከፍሪጅ ውጭ ያቆዩት። ጊዜ ከሌለ አንድ ትንሽ ካሮት ፈቅፍቆ ከዘይቱ ጋር ማለስለስ ከስኳር የተሻለ ነው።

«ነጭ ሽንኩርት በበዛ ቁጥር ጣሊያን ጣሊያን ይላል»

ለአራት ሰው ሁለት ፍሬ ይበቃል፤ አንዳንድ ቤት በአንድ ይጨርሳል። በቢላ ጎን ደፍጠጥ አድርገው ሳይከትፉ በቀዝቃዛ ዘይት ውስጥ ያስቀምጡና እሳቱን ዝቅ አድርገው ይጀምሩ። ዘይቱ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር አብሮ ሲሞቅ መዓዛውን ቀስ ብሎ ይወስዳል። ዳሩ የገለባ ቀለም ሲይዝ አውጥተው መጣል ይቻላል። ደቆ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት በጋለ ዘይት ላይ ሲያርፍ ግን ዞር እስኪሉ ድረስ ያራል፤ ምሬቱም ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ካረረ ቲማቲም ጨምሮ ማዳን አይሞከርም፤ ዘይቱን ደፍቶ እንደገና መጀመር ነው።

«ፓስታው እንዳይጣበቅ የሚፈላው ውሃ ላይ ዘይት ጠብ ይደረጋል»

ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል፤ ፓስታው ከታች ነው። አይገናኙም። የሚገናኙት ሲጠለል ነው፤ ያን ጊዜ ዘይቱ ፓስታውን ይለብሰውና ስጎው እየተንሸራተተ ሳህኑ ላይ ይቀራል። ፓስታ የሚጣበቀው ውሃው ሲያንስ እና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ሳይማሰል ሲቀር ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ስታርች (የዱቄቱ አጣባቂ ክፍል) የሚላላው ያኔ ነውና። ልኩ ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውሃ፣ ለ1 ሊትር 10 ግራም ጨው፣ ማለትም ለጥ ያለ ሁለት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ጨው ለፓስታው ውስጥ የሚደርሰው በዚህ ሰዓት ብቻ ነው፤ በኋላ ከላይ ቢነሰነስ ላዩን እንጂ ውስጡን አያጣፍጠውም።

ሌላው ልማድ የተጠለለውን ፓስታ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ነው። ለቀዝቃዛ የፓስታ ሰላጣ ካልሆነ በቀር ይህ ስታርቹን አጥቦ መጣል ነው። ከመጠለሉ በፊት አንድ ስኒ ከውሃው ያስቀሩ። ፓስታው ሊደርስ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ወደ ስጎው መጥበሻ ያዛውሩት፣ ከውሃው ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይጨምሩ፣ በጠንካራ እሳት እየገለባበጡ ይጨርሱት። ዘይትና ውሃ በራሳቸው አይዋሃዱም፤ ስታርቹ ግን አያይዟቸው ፓስታው ላይ የሚጣበቅ ወፈር ያለ መረቅ ያደርጋቸዋል።

ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ደቂቃም ለሁሉም ቦታ አይሠራም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ «9 ደቂቃ» የሚለው ፓስታ እዚህ ጥቂት ደቂቃ መጨመሩ አይቀርም። ቴል አቪቭ ወይም ጅዳ የሚያበስል ሰው ግን የተጻፈውን ቢያምን ይሻላል፤ የአዲስ አበባ ልማዱን ይዞ ከሄደ ፓስታው ይላሽቃል። አንዱን ነክሶ መሃሉን ማየት ነው፦ መርፌ የምታክል ነጭ ነጥብ ስትቀር ወደ መጥበሻው የሚዛወርበት ሰዓት ነው።

«ዝኩኒ ጣዕም የለውም»

የተቀቀለ ዝኩኒ የለውም። አብዛኛው አካሉ ውሃ ስለሆነ መጥበሻ ላይ ሲታጨቅ፣ ክዳን ሲደረግበትና ገና ሲጀመር ጨው ሲነሰነስበት ያን ሁሉ ውሃ ይተፋና ይቀቀላል። ከኔፕልስ በስተደቡብ በሶሬንቶ ልሳነ ምድር ላይ ያለችው ነራኖ የምትባል መንደር በዝኩኒ ስፓጌቲ የታወቀችው ይህን በመገልበጥ ነው። ለ400 ግራም ስፓጌቲ ከ700 እስከ 800 ግራም ትናንሽ ዝኩኒ በሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ክብ ክብ ይቆረጣል፤ በብዙ ዘይት፣ በየተራ፣ ዳሩ ወርቃማ እስኪሆን ይጠበሳል። ከዚያ በኋላ ጨውና ባዚሊኮ ተጨምሮበት ለሰዓታት ይቀመጣል። በመጨረሻ ከስፓጌቲው፣ ከፓስታው ውሃና ፕሮቮሎኔ ዴል ሞናኮ ከሚባለው የአካባቢው ፎርማጆ ጋር ይዋሃዳል። ፎርማጆው የሚገባው መጥበሻው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፤ እሳት ላይ ከገባ ይቋጠራል። ትልልቅ ዝኩኒ መሃሉ ስፖንጅ ስለሚመስል ዘሩ በማንኪያ ተፍቆ መውጣት አለበት።

«ጣሊያኖች አትክልት የሚበሉት ከፊል ጥሬውን ነው»

«አል ዴንቴ»፣ ማለትም ሲነከስ ትንሽ ጠንከር የሚል፣ የፓስታና የሩዝ ቃል ነው፤ ቅጠልን አይመለከትም። ቅጠል በጣሊያን ቤት እስኪለሰልስ ይቀቀላል፣ ውሃው ይጨመቃል፣ ከዚያ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት መጥበሻ ላይ ይገለበጣል። ስሙን ከጣሊያንኛ የወሰድንለት ቆስጣ ለዚህ የተፈጠረ ነው፦ ወፍራም ዘንጉን ለይተው መጀመሪያ ይቀቅሉት፣ ቅጠሉን ከአራት ደቂቃ በኋላ ይጨምሩ፣ አጥልለው በእጅ አጥብቀው ይጭመቁ። ሳይጨመቅ ወደ ዘይቱ ከገባ መጠበሱ ቀርቶ ሾርባ ይሆናል። በደቡብ ጣሊያን ባለችው ፑሊያ ደግሞ ቺሜ ዲ ራፓ የሚባለው መረር ያለ ቅጠል ጆሮ ከመሰለው ኦሬኬቴ ፓስታ ጋር በአንድ ድስት ይቀቀላል፤ በአበሻ ጎመን ሲሞከር ከፓስታው ቀድሞ መግባት አለበት፣ ዘግይቶ ይበስላልና።

«ደብርጃን መራራነቱ እንዲወጣ የግድ ጨው ይነሰነስበታል»

አሁን ገበያ ላይ የሚገኙት ዝርያዎች ብዙም አይመሩም። ጨው ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ስፖንጅ የመሰለውን ሥጋ ውሃውን አስወጥቶ ስለሚያሟሽሸው ብዙ ዘይት አይጠጣም። ለ1 ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 40 ደቂቃ፣ ከዚያ ጨምቆ በጨርቅ ማድረቅ። በፎርኖ የሚጋገር ከሆነ መዝለል ይቻላል።

«ሚኔስትሮኔ ማለት የተገኘውን አትክልት ሁሉ በአንዴ መቀቀል ነው»

ለዚህ የአትክልት ሾርባ የተገኘውን የሚለው ልክ ነው፤ በአንዴ የሚለው ግን ያበላሸዋል። ሽንኩርት፣ ካሮትና ሰለሪ ደቀው በዘይት 10 ደቂቃ በዝግታ ይለሰልሳሉ፤ ቀለም መያዝ የለባቸውም። ቀጥሎ ድንችና ጥቅል ጎመን ይገባል፤ ውሃው አትክልቱን በሁለት ጣት ብቻ ይብለጠው። ዝኩኒ፣ ፎሶሊያና ቆስጣ የመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃ ናቸው። ቦሎቄው አድሮ ተነክሮ ለብቻው መቀቀል አለበት፤ ሳይለሰልስ ቲማቲም ካገኘው አሲዱ ቆዳውን ያጠነክረዋል፣ በደጋ ደግሞ ያለዚያም ይዘገያል። የሾርባ ኩብ አያስፈልግም። የፓርሚጃኖ ፎርማጆ ደረቅ ቅርፊት ካለ ተፍቆና ታጥቦ አብሮ ይበስላል፤ የሥጋ መረቅ የሚሰጠውን ጥልቀት ይሰጣል።

«ያለ ፎርማጆ የጣሊያን ፓስታ የለም፣ ስለዚህ በጾም አይሆንም»

በደቡብ ጣሊያን ፎርማጆ ለመግዛት አቅም የሌለው ቤት የዳቦ ፍርፋሪ ይነሰንስ ነበር፤ ዛሬ ማንም ስለወደደው ያደርገዋል። 100 ግራም የደረቀ ዳቦ ፈቅፍቀው በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ፣ ወርቃማ እስኪሆን ይቁሉት። የሚነሰነሰው ሲቀርብ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ውሃ ይጠጣና ይላቁጣል። ስለ ፓስታው የሚጨነቅ ሰውም ይረጋጋ፦ በጣሊያን ሕግ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛ ደረቅ ፓስታ የሚሠራው ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴና ከውሃ ነው። እንቁላል ያለበት ማሸጊያው ላይ ተለይቶ ይጻፋል።

«ቲማቲም የሌለበት የጣሊያን ምግብ የለም»

ቲማቲም ከአሜሪካ ምድር የመጣ እንግዳ ነው። ከቀደምቶቹ የታተሙ የጣሊያን የቲማቲም ስጎ አሠራሮች አንዱን የጻፈው በኔፕልስ ያገለግል የነበረው አንቶኒዮ ላቲኒ ነው፤ እሱም በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ። ጄኖቫ ዛሬም በዓለም የምትታወቀው ቲማቲም በሌለበት ፔስቶ ነው፦ ባዚሊኮ፣ ፒኖሊ የሚባለው የጥድ ፍሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ፎርማጆና የወይራ ዘይት በሙቀጫ። የጄኖቫ ሰዎች ድንች በትንንሹ ቆርጠው ከፎሶሊያ ጋር የፓስታው ውሃ ውስጥ ይቀቅሉና ሦስቱን አብረው ያጠልላሉ። የድንቹ ስታርች ውሃውን ያወፍረዋል፤ ፔስቶው የሚቀጥነውም በዚያው ውሃ ሁለት ማንኪያ ነው። ፔስቶ እሳት አይነካም፤ ከነካ ይጠቁራል።