አገልግሉ ወደ ማን ይሄዳል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለሊቀ መላእክት ለቅዱስ ሚካኤል በዓለ ሢመት እንኳን በሰላም አደረሳችሁ። ኅዳር 12 ካለፈ ጥቂት ቀናት ቢሆኑም፣ በዕለቱ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ያየሁት ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ይህን ልጽፍላችሁ ተገደድሁ። የማኅበር ወዳጆች በቤታቸው የጋገሩትን ድፎ፣ በብርጭቆ ዕቃ የሞሉትን ማርና ጭኮ ባማሩ ቅርጫቶች አድርገው፣ በሪባን አስረው ይለዋወጡ ነበር። ሥራቸው ያስደስት ነበር፤ እኔም አንዱ ተቀባይ ነበርሁ። ነገር ግን እያንዳንዱ ቅርጫት የሚሄደው ሌላ ቅርጫት ወዳመጣ ሰው ነበር። በደጀ ሰላሙ ነጠላቸውን ተከናንበው ለተቀመጡት እናቶች የደረሳቸው፣ ከትናንት የተረፈ፣ ጠርዙ የደረቀ የዳቦ ቁራሽ በፌስታል ነው። አንዲት እናት ቁራሹን ተቀብለው፣ ተሳልመው በነጠላቸው ጫፍ ሲቋጥሩ አየሁና አፈርሁ።

በቤት የተዘጋጀ ስጦታን እየነቀፍሁ እንዳይመስላችሁ። በዚህ ወር ከጓዳችን የሚወጣው ሁሉ የእግዚአብሔር ቸርነት ገና ያልደረቀበት ነው። ገብሱ ደርሷል፤ በደጋው የስንዴ እሸት እየተጠበሰ ይበላል፤ ጤፉ እየታጨደ ነው። ክረምቱን ለምለም ሣር የጋጡት ላሞች ቅቤ የሚሰጡበት፣ ንቦችም ከአደይ አበባና ከኑግ አበባ የሰበሰቡት ማር ከቀፎ የሚቆረጥበት ጊዜ ነው። አዲሱን ገብስ ቆልታ፣ ፈጭታ፣ በነጠረ ቅቤ ያሸችና ጭኮ ያዘጋጀች እናት፣ ከገበያ ዕቃ ገዝቶ ከሚልክ ሰው ይልቅ ብዙ ሰጥታለች፤ ምክንያቱም በዚያ ጭኮ ውስጥ እንቅልፏ፣ ላቧና ጸሎቷ አብረው ታሽተዋል። አቤል ከበጎቹ በኵራትና ከስቡ አቀረበ እንጂ የተረፈውን አላቀረበም፤ እኛም ከወቅቱ ፍሬ የመጀመሪያውንና የተሻለውን ለይተን ማዘጋጀታችን ከዚያ ከጥንቱ የመጣ መልካም ልማድ ነው። የሚያሳዝነኝ ስጦታው ሳይሆን የሚሄድበት መንገድ ነው።

በኅዳር 12 ስንክሳር የሚነበበውን የዱራታኦስንና የቴዎብስታን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ይሁን እንጂ ከእኔ ጋር ቀስ ብላችሁ ደግማችሁ ተመልከቱት። እነዚህ ባልና ሚስት በየወሩ በ12 በቅዱስ ሚካኤል ስም ድሆችን ሰብስበው ይመግቡ ነበር። ዝናብ ቀርቶ ረኀብ በሆነ ጊዜ ያላቸው ሁሉ አለቀ፤ የበዓሉ ቀን ግን አልቀረም። ያን ጊዜ ዝክሩን ለማስቀረት በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ እኛ ብንሆን «ዘንድሮ ኑሮው ከበደ፣ ለሚመጣው ዓመት ያድርሰን» ብለን እናልፈው ነበር። እነርሱ ግን ለዝክሩ የሚሆነውን ለመግዛት ልብሳቸውን አውጥተው ሊሸጡ ተነሡ። ቅዱስ ሚካኤልም በታላቅ መኰንን አምሳል ተገልጦ፣ ልብሱን እንዳይሸጥ ለዱራታኦስ ነገረውና በእርሱ ዋስትና በግ፣ ዓሣና ስንዴ እንዲወስድ አደረገ፤ ዓሣውን ግን እርሱ ራሱ እስኪመጣ ድረስ እንዳይከፍቱት አዘዘ።

ልቤን ሁልጊዜ የሚይዘው ይህ ቦታ ነው። ዱራታኦስ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቤቱን በበረከት ተሞልቶ አገኘው፤ ቤቱ የተሞላው ግን ባልየው ልብሱን ይዞ ከወጣ በኋላ እንጂ ከመውጣቱ በፊት አልነበረም። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በዓሣው ሆድ ውስጥ የወርቅ ዲናር ነበረ፤ ድሆቹ በልተው የጠገቡት ግን ወርቁ ከመገኘቱ በፊት ነው። ዱራታኦስና ቴዎብስታ እንግዶቻቸውን በደስታ ሲያስተናግዱ፣ ነገ ዕዳቸውን በምን እንደሚከፍሉ አያውቁም ነበር። ወርቁ ቀድሞ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ዝክሩ የባለጠጋ ግብዣ ይሆን ነበር። እኛ ግን አስቀድሞ ዓሣው እንዲከፈትልን እንፈልጋለን፤ ከዚያም ወርቁን ካየን በኋላ እንኳ ድፎውን ለሚመልስልን ሰው እንልካለን።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል 14ኛ ምዕራፍ ምሳ ወይም እራት ስታደርግ ወዳጆችህንና ባለጠጎች ጎረቤቶችህን አትጥራ፣ እነርሱም በተራቸው ይጠሩሃልና ብድራትህ በዚያው ያልቃል፤ የሚከፍሉህ ነገር የሌላቸውን ጥራ ብሎ አስተምሮናል። ይህን ቃል በየዓመቱ እንሰማዋለን። ሰምተነው ግን ቅርጫታችንን ለማን እንደምንሰጥ ስንመርጥ፣ ባለፈው ዓመት ማን ምን እንደላከልን እናስባለን። ነቢዩ ሚልክያስም ዕውሩንና አንካሳውን እንስሳ ለመሥዋዕት ያቀርቡ የነበሩትን፣ እስቲ ለአለቃችሁ አቅርቡት፣ ደስ ይለዋልን? ብሎ ጠይቋቸዋል። በፌስታል የሰጠነውን ያን ቁራሽ ለመሥሪያ ቤት አለቃችን ለመስጠት እንደፍራለንን? ይህን የምጽፈው ልክ እንደ ንስሐ አባት ለመገሠጽ ሳይሆን፣ በዚያ ዕለት እኔም ቅርጫቴን ታቅፌ በእነዚያ እናቶች ፊት ስላለፍሁ ነው።

በሌላ በኩል፣ መስጠት እየፈለጋችሁ እንዴት እንደምትሰጡ ለተጨነቃችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአገራችን የተላከ ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ አገልግሉን የተቀበለ ሰው ጥቂት ነገር አድርጎበት ይመልሳል። ይህ እጅግ የከበረ ልማድ ነው፤ ግን ቤቷ ምንም የሌላት ሴት በዚህ ልማድ ምክንያት ስጦታን ትፈራለች፤ የምትመልሰው ስለሌላት ዕቃውን ለቀናት ታቆየዋለች፣ ከላኪዋም ትሸሻለች። አያቴ ይህን ታውቅ ስለነበር፣ ለጎረቤቶቿ ድፎውን በመሶብ ስትልክ፣ በመንደሩ ጥግ ለነበሩት አንዲት ባልቴት ግን የምትልከው በተጋገረበት ኮባ እንደተጠቀለለ ነበር። ኮባው ተጥሎ የሚቀር ነውና የሚመለስ ዕቃ የለም። እኔ ልጅ ሳለሁ ለምን ለእርሳቸው ብቻ ዕቃ እንደማይላክ ጠይቄያት «እንዳይጨነቁ ነው» ብላኝ ነበር። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ስሰጥ ሁልጊዜ የምመዝነው በዚያ ቃል ነው።

ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ስለገባ፣ ቅቤ የገባበት ሁሉ እስከ ገና ይቆያል። ስለዚህ እስከ በዓሉ ድረስ የምትልኩት ከአዲሱ ገብስ የተቆላ ቆሎ፣ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ ከተወቀጠ ኑግ ጋር የተለወሰ በሶ ቢሆን ጾመኛውን አያስቸግርም፤ ለገና ደግሞ ማሩንና ጭኮውን አሁን አዘጋጅታችሁ ብታስቀምጡ ይቆያል። ብዙ ማዘጋጀት የማትችሉ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ ብትሰጡ ቅዱስ ሚካኤል አይንቀውም። በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ከላይ ወይም ከታች በሩን ዘግቶ ብቻውን የሚያከብር ሰው እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የምናልፈው በር ከራሳችን በር ሦስት እርምጃ አይርቅም።

የታኅሣሥ 12 ሚካኤል ገና አልደረሰም። ለዚያ ቀን እኔና ባለቤቴ አንድ ድፎ ያለ ቅቤ ጋግረን በኮባው እንደተጠቀለለ፣ በደጀ ሰላሙ ቁራሹን በነጠላቸው ለቋጠሩት እናት ልንወስድ ተስማምተናል። ከፈቀዱልንም አጠገባቸው ተቀምጠን አብረን እንቆርሳለን።