«ድሮ ጎበዝ ተጫዋች ነበር፤ ማሰልጠን ምን ያቅተዋል?» እና ሌሎች ስለ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች የምንሰማቸው የተሳሳቱ ነገሮች

ጎንደር የእግር ኳስ ከተማ ናት። ፋሲል ከነማ ጨዋታ ባለበት ቀን ፒያሳ ያለ ካፌ ሁሉ ስለ አሰላለፍ ይከራከራል። አሰልጣኙ ማንን መቀየር እንደነበረበት ሻይ የምታቀርበው ልጅ ሳትቀር ታውቃለች። የቅርጫት ኳስ ወሬ ግን ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎችና ከትምህርት ቤት ሜዳዎች ብዙም አይወጣም። ለዚህም ነው መሰለኝ ስለ ጨዋታው ያልተጣራ ነገር የሚበዛው። በተለይ አንድ ተጫዋች መጫወት አቁሞ ፊሽካ ሲያንጠለጥል የማይባል ነገር የለም።

በከተማችን እንዲህ ያሉ ወጣቶች አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ታዳጊዎችን ሰብስበው ያሰለጥናሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ። ሥራቸውን ስለማከብረው፣ ስለነሱና ስለ ሙያው ሲባል የምሰማውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ድሮ ጎበዝ ተጫዋች ነበር፤ ማሰልጠን ምን ያቅተዋል?»

ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው። እንግዲህ አሜሪካዊውን ተጫዋች ማጂክ ጆንሰንን እንውሰድ። ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጋር 5 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ኳስ በማቀበል እሱን የሚያህል ብዙ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ1994 የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ ሲል ያንኑ የሚያውቀውን ቡድን እንዲያሰለጥን ተሰጠው። 16 ጨዋታ መራ። 5 አሸነፈ፣ 11 ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ወደ አሰልጣኝነት አልተመለሰም።

እንዲያውም ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1891 የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ ራሱ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ነበር። ውጤቱ 55 ድልና 60 ሽንፈት ነው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ሽንፈቱ ከድሉ የበለጠ አሰልጣኝ እሱ ብቻ ነው። ጨዋታውን ከፈጣሪው በላይ ማን ያውቃል? ማወቅና ማሰልጠን ግን ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው።

ምክንያቱን እዚሁ ጎንደር አንድ ሜዳ ላይ አይቼዋለሁ። አስፋልት ሜዳ ነው፤ መስመሩ በኖራ የተሰመረ፣ ቀለበቱ መረብ የሌለው። የሚያሰለጥነው ወጣት በጊዜው ፈጣን ፖይንት ጋርድ፣ ማለትም ኳስ ይዞ ጨዋታውን የሚመራ ተጫዋች ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ልጆቹ ሲሳሳቱ ኳሱን ከእጃቸው ተቀብሎ «እንዲህ ነዋ!» ይልና ራሱ ያሳይ ነበር። ሁለት ሰው አልፎ ያገባል። ልጆቹ ያጨበጭባሉ። ከዚያ ያንኑ ስህተት ይደግሙታል። ሰውነቱ የሚያውቀውን ነገር አፉ ገና አልለመደውም ነበር።

አሁን እንደዚያ አያደርግም። አንድ ልጅ ኳስ ሲቀማ ጨዋታውን ያስቆማል።

«ኳሱ ሳይደርስህ በፊት ወዴት ነበር የምታየው?»

«ወደ ኳሱ።»

«ከኋላህስ ማን ነበር?»

«አላየሁም ኮች።»

«ጎበዝ። በል ሁላችሁም ወደ ቦታችሁ። እንደገና።»

አራት አምስት ጊዜ ያስደግማቸዋል። በመጨረሻ ልጁ ኳሱ ሳይደርሰው አንገቱን ያዞራል። አላገባም፤ አላለፈም። አንገቱን ብቻ አዞረ። አሰልጣኙ ግን ዋንጫ የወሰደ ያህል ነው ደስ ያለው። ማሰልጠን ይሄ ነው። ስትጫወት ሳታስበው የምታደርገውን ነገር ፈታትተህ ለሌላ ሰው በቃላት መስጠት።

ታዲያ «ኮከብ የነበረ ሰው ማሰልጠን አይችልም» ወደሚለው መዝለልም ልክ አይደለም። ቢል ራስል እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ለቦስተን ሴልቲክስ እየተጫወተ ቡድኑን ያሰለጥን ነበር። በኤንቢኤ፣ ማለትም በአሜሪካው ትልቁ የወንዶች ሊግ፣ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝም እሱ ነው። በ1968 እና በ1969 በሁለቱም ኃላፊነት ሻምፒዮን ሆኗል። ሌላው ኮከብ ላሪ በርድም የኢንዲያናን ቡድን በያዘበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1998፣ የዓመቱ አሰልጣኝ ተብሏል። ሌኒ ዊልከንስ ደግሞ የቅርጫት ኳስ ታላላቆች በሚመዘገቡበት የክብር መዝገብ ላይ አንዴ በተጫዋችነት አንዴ በአሰልጣኝነት ሰፍሯል። ችሎታ አይጎዳም። ግን የአሰልጣኝነት ምስክር ወረቀት ሆኖ አያገለግልም።

«ራሱ ስላልሆነለት ነው ወደ ማሰልጠን የገባው»

ይሄኛው ያናድደኛል። ሰው ፊት ለፊት ባይባልም ከኋላ ይባላል። ያውም ተጠባባቂ ወንበር ላይ ብዙ የቆየ ልጅ ከሆነ።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ለንደን ውስጥ ከፓሪስ ኦሊምፒክ በፊት አንድ የወዳጅነት ጨዋታ ተደርጎ ነበር። አሜሪካና ደቡብ ሱዳን። በአንድ ወገን ሌብሮን ጄምስና ስቴፈን ከሪ አሉ። በሌላው ወገን ነፃነቷን ካገኘች ገና 13 ዓመቷ የሆነ ጎረቤታችን። ደቡብ ሱዳን እስከ 16 ነጥብ መራች! አሜሪካ የተረፈችው ሌብሮን 8 ሰከንድ ሲቀር ባስገባት ኳስ ነው። 101 ለ 100። ያን ጨዋታ የተከታተለ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል።

አሁን ሜዳ ዳር የቆሙትን ሁለት ሰዎች እንይ። የአሜሪካው አሰልጣኝ ስቲቭ ከር ነበር። በኤንቢኤ 15 የውድድር ዘመን ተጫውቷል፤ በጨዋታ በአማካይ ያስቆጠረው 6 ነጥብ ነው። የደቡብ ሱዳኑ ሮያል አይቪ ነበር። 10 የውድድር ዘመን ተጫውቶ አማካዩ 4 ነጥብ አይሞላም። ሁለቱም በዋናነት ከተጠባባቂ ወንበር የሚነሱ ነበሩ። ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው ተጫዋቾች ግን ያዳመጡት የእነሱን ቃል ነው።

ደቡብ ሱዳን በኦሊምፒኩ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸነፈች። በምድቡ አሜሪካን እንደገና አግኝታ 103 ለ 86 ተሸነፈች፤ ለፖርቶ ሪኮው ድል ግን ጁባ አደባባይ ወጥታ ብትጨፍር አይበዛባትም። ከር ደግሞ የወርቅ ሜዳሊያውን ይዞ ተመለሰ።

ከር ተጠባባቂ ነበር ስንል ምንም አልሠራም ማለት አይደለም። በተጫዋችነት 5 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1997 የፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ ላይ ማይክል ጆርዳን ኳሱን ለእሱ አቀበለው፤ ቡድናቸውን ቺካጎ ቡልስን ሻምፒዮን ያደረገችውን ኳስ ያስገባው ከር ነው። ለዚያች አንዲት ውርወራ ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተዘጋጅቶ መቀመጥ ነበረበት። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ብዙ ያያል። ማን እንደደከመ፣ ማን እንደተናደደ፣ ዳኛው ምን እንደሚፈቅድና ምን እንደማይፈቅድ ያያል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ገብቶ ጠቃሚ መሆን ስላለበት ጨዋታውን ማንበብ ግዴታው ነው። ብዙ ጥሩ አሰልጣኞች ከዚያ ወንበር መነሳታቸው አይገርመኝም።

«በትልቅ ደረጃ ያልተጫወተ ምን ያውቃል?»

ይሄ የሚባለው ስፖርት ሳይንስ ተምረው ለሚመጡ ልጆች ነው። «የወረቀት አሰልጣኝ» ይሏቸዋል። መልሱ አጭር ነው። ግሬግ ፖፖቪች በኤንቢኤ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት 1,422 መደበኛ ጨዋታ አሸንፏል። በሊጉ ታሪክ ከዚህ በላይ ያሸነፈ የለም። ሳን አንቶኒዮን 5 ጊዜ ሻምፒዮን አድርጓል። የማያሚው ኤሪክ ስፖልስትራ እ.ኤ.አ. በ1995 ክለቡ ሲገባ ሥራው የጨዋታ ቪዲዮ መቁረጥና ማዘጋጀት ነበር። ዋና አሰልጣኝ የሆነው በ2008 ነው። በ2012 እና በ2013 ዋንጫ በላ። የተጫወተውና የተማረው በአንድ ሜዳ ቢገናኙ የሚጠቀሙት ልጆቹ ናቸው፤ እዚህ ግን አንዱ ሌላውን ሲንቅ ጊዜ ይባክናል።

«አጭር ሰው ቅርጫት ኳስ ውስጥ ምን ይሠራል?»

መግሲ ቦግስ 1 ሜትር ከ60 ነው። በኤንቢኤ 14 የውድድር ዘመን ተጫወተ። ኋላም በሴቶቹ ሊግ የቻርሎት ስቲንግ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ቀለበቱ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር ላይ ነው፤ ለማሰልጠን ደግሞ እዚያ መድረስ አያስፈልግም። ይሄን እዚህ ልዝጋው።

«ጫማውን ሰቀለ፤ በነጋታው አሰልጣኝ ሆነ»

አንዳንዴ ይሆናል። ጄሰን ኪድ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2013 መጫወት አቆመ፤ በዚያው ወር የብሩክሊን ኔትስ ዋና አሰልጣኝ ተባለ። ግን ይሄ ብርቅ ነው። ከር መጫወት ያቆመው በ2003 ነው። በቴሌቪዥን ተንታኝ ሆነ፣ ፊኒክስ ሄዶ የክለብ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ጎልደን ስቴት የተባለውን ክለብ በአሰልጣኝነት የያዘው በ2014 ነው። በመሀሉ 11 ዓመት አለ። አይቪም ከታችኛው ሊግ ረዳት አሰልጣኝነት ነው የጀመረው።

ለእኛ ልጆች ይሄ ጥሩ ዜና ነው። በ25 ወይም በ26 ዓመቱ ጉልበቱን ተጎድቶ መጫወት ያቆመ ልጅ ጊዜ አለው። ረዳት ይሁን። ጠረጴዛ ላይ ነጥብና ፋውል ይመዝግብ። ዳኝነት ይሞክር። ሁሉም ትምህርት ነው።

«አሰልጣኝ ማለት ሜዳ ዳር ቆሞ የሚጮህ ነው»

ወላጆች የሚያዩት የጨዋታውን ቀን ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ግን ሒሳቡን እንሥራው። በዓለም አቀፉ ሕግ ጨዋታው አራት ጊዜ 10 ደቂቃ ነው። አሰልጣኙ በመጀመሪያው አጋማሽ 2፣ በሁለተኛው 3 ታይም አውት (የጨዋታ ማቆሚያ እረፍት) መጠየቅ ይችላል። እያንዳንዱ 1 ደቂቃ ነው። እንግዲህ በ40 ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ ልጆቹን ሰብስቦ ለማናገር በራሱ ጥያቄ የሚያገኘው 5 ደቂቃ ብቻ ነው። ኳስ የያዘ ቡድን ደግሞ በ24 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት። በ24 ሰከንድ ውስጥ ከዳር ጮኾ አዲስ ነገር ማስተማር አይቻልም። መጮህ የሚጠቅመው ልጆቹ በልምምድ የሚያውቁትን ለማስታወስ ነው። ስለዚህ ሥራው ያለው ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ነው፤ ማንም በማያይበት ሰዓት። ልጅዎ ያለበት ቡድን ከተሸነፈ አሰልጣኙን ከመውቀስዎ በፊት አንድ ቀን ልምምዱን መጥተው ይዩት።

«ምን እንጀራ ይሆነዋል?»

ይሄ ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው አልልም። እዚህ ቅርጫት ኳስ በማሰልጠን ብቻ ቤት ማስተዳደር ከባድ ነው። የማውቃቸው አሰልጣኞች መምህር ናቸው፣ ጂም ውስጥ ይሠራሉ፣ ወይም ሌላ ሥራ አላቸው። ስህተቱ «ስለዚህ ዋጋ የለውም» የሚለው ላይ ነው። ኤንቢኤና የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በጋራ ያቋቋሙት የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2021 ኪጋሊ ላይ ሲጀመር 12 ክለቦች ተሳትፈዋል። ክለብ ባለበት አሰልጣኝ ያስፈልጋል፤ ረዳት ያስፈልጋል፤ ቪዲዮ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። አህጉሩ ላይ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያልነበረ ሥራ አሁን አለ። እዚያ የሚደርሰው ግን ዛሬ ያለ ክፍያ የሚሠራው ልጅ ተስፋ ካልቆረጠ ነው። ወላጆች ተሰባስበው በወር ትንሽ ትንሽ ቢያዋጡ ኳስ ይገዛል፤ ለአሰልጣኙም የትራንስፖርት ይሆናል።

«ሴት ልጅ ትጫወት፤ ማሰልጠኑ ግን ለወንድ ነው»

ቤኪ ሃመን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ አሜሪካ የሴቶች ሊግ ስትገባ በምልመላው ማንም አልመረጣትም። 16 የውድድር ዘመን ተጫወተች። በ2013 የጉልበት ጅማቷ ተበጥሶ ስትተኛ ቤቷ አልተቀመጠችም። ወደ ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ልምምድ እየሄደች ትከታተል፣ በስብሰባቸውም ትገኝ ነበር። በዓመቱ ፖፖቪች ረዳቱ አድርጎ ቀጠራት። ወንዶችን ማሰልጠን ጀመረች። ከዚያ በ2022 የላስ ቬጋስ ኤሲስ ዋና አሰልጣኝ ሆነች፤ በመጀመሪያ ዓመቷ ዋንጫውን ወሰደች። በ2023 እና በ2025 ደገመችው።

እዚህም ቅዳሜ ጠዋት ከሚመጡት መካከል ሴቶች አሉ። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ሲያሟሙቁ አይቻለሁ፤ ሲቆጡም ሲያበረታቱም ያውቁበታል። የአሰልጣኝነት ኮርስ መጣ ሲባል ግን ቶሎ የሚጠራው የወንዶቹ ስም ነው። የሚቀጥለው ኮርስ ሲመጣ ዝርዝሩን የምታወጡ ሰዎች የእነዚህን ልጆች ስም አስቀድማችሁ ጻፉ።