ጣና ዳር፣ መብራት የሌለው ጎጆ ውስጥ ማደር፦ የሚባለውና እውነታው

ከባህር ዳር ወጣ ብሎ፣ ዘጌ ጫካ ውስጥ ወይም ሃይቁ ዳር፣ መብራት ያልገባበት የሳር ጎጆ ውስጥ አንድ ሁለት ሌሊት ማደር የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ደስ ይላል። ችግሩ ሰው ከመሄዱ በፊት የሚሰማው ወሬ ነው። አንዱ አዞ ይበላሃል ይላል፣ ሌላው ገነት ነው ምንም አትያዝ ይላል። እኔ እንደማየው ሰው የሚፈራው ሌላ፣ የሚጎዳው ሌላ ነው። ስለዚህ በብዛት የሚባሉትን እያነሳሁ እውነቱን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን የመንገዱና የሰላሙ ነገር ይለዋወጣል። ያለፈው ዓመት ወሬ ለዘንድሮ አይሠራም። ልትሄዱ ስታስቡ እዚያው ያሉ ሰዎችን፣ በተለይ ጀልባ ነጂዎቹን፣ በዚያው ሳምንት ጠይቁ።

«ጣና ውስጥ አዞ አለ»

የለም። አዞ የምታገኙት ከጢስ አባይ ፏፏቴ በታች፣ አባይ ወደ ቆላው ሲወርድ ነው። ዳር ላይ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ የሚሞቅ ረዘም ያለ ነገር ካያችሁ አርጃኖ ነው። ኮቴ ሲሰማ ዘሎ ውሃ ይገባል፣ አለቀ።

ጉማሬ ግን አለ፣ በተለይ አባይ ከሃይቁ በሚወጣበት በኩል። እሱን ደግሞ ሰው ይንቀዋል። «ሳር በል ነው፣ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ሳር በል መሆኑ ልክ ነው፤ ሰው የሚገድለው ግን ሊበላ ብሎ አይደለም። ቀን ውሃ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ሊግጥ ይወጣል፤ ከውሃው ወደ ሳሩ የሚመላለስበት የራሱ መንገድ አለው፣ እናንተ በጨለማ በእሱና በውሃው መሃል ከገባችሁ መመለሻው የተዘጋበት ስለሚመስለው በቀጥታ ይመጣባችኋል። ያ ሁሉ ሥጋ ደግሞ ሲሮጥ ከሰው ይፈጥናል። እና ከመሸ በኋላ ፎቶ ለማንሳትም ሆነ እጅ ለመታጠብ ውሃ ዳር አትውረዱ። ወደ ሽንት ቤት ስትወጡ ባትሪ አብሩና በመጀመሪያ ዙሪያውን ቃኙ። ባለጎጆው «በዚህ በኩል አትሂዱ» ካላችሁም አትከራከሩ። ምክንያት አለው።

«ደሴቱ ሁሉ ለጎብኚ ክፍት ነው፣ ድንኳን ይዞ መሄድ ነው»

እንደዚህ ብሎ የሚሄድ አለ። ጣና ላይ 37 ያህል ደሴቶች አሉ ይባላል፣ ቁጥሩ ከውሃው መጠን ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ብዙዎቹ ግን ገዳም ናቸው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ባለቤቱን ይዞ ሄዶ ጀልባ ላይ ጥሏት የሚወጣ ሰው ማየት ያሳዝናል፤ ቀድሞ ቢጠይቅ ኖሮ ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ የሴቶች ገዳም መሆኑን ይሰማ ነበር። ዳጋ እነ አፄ ዘርዓ ያዕቆብና አፄ ፋሲል ያረፉበት ቦታ ነው፣ ማንም እየመጣ እሳት የሚያነድበት አይደለም። ገዳም ውስጥ ማደር ከፈለጋችሁ የምትጠይቁት አበምኔቱን ነው፣ የምትሄዱትም ለጸሎት ነው።

ትልቁ ደሴት ደቅ ነው። እዚያ ገበሬ ይኖራል፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም እዚያው ነው። ዘጌን ደግሞ ብዙ ሰው ደሴት ይለዋል። ደሴት አይደለም። ከየብስ የተያያዘ ልሳነ ምድር ነው፣ ከባህር ዳር በመኪናም ይገባል። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ንፋስ ተነስቶ ጀልባ ቢቀር በምድር መመለስ ይቻላል ማለት ነው። ደቅ ላይ ይሄ አማራጭ የለም።

ዘጌ ስትሄዱ ደግሞ «ገጠር አይደል፣ ትኩስ ወተት እንጠጣለን» አትበሉ። በጥንቱ የገዳም ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ፣ ከብት ማርባት አልተፈቀደም፣ ሰው የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ጫካውም እስከ ዛሬ የቆመው በዚሁ ነው። ቡናውን ጠጡ።

«ጣና ጥልቅ አይደለም፣ ጀልባው አያሰጋም»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳን 15 ሜትር ገደማ ነው። ግን እንደዚህ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነው ንፋስ ቶሎ ሞገድ የሚያስነሳው። ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ስለሆነ ትንሽ ጀልባን ያንገጫግጫል፣ ውሃም ይረጭበታል። ጠዋት መስታወት የመሰለው ሃይቅ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሃይቅ ነው። ለዚህ ነው ነጂዎቹ «በጊዜ እንውጣ» የሚሉት፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ባለው ተነሱ የሚሏችሁ እናንተን እንቅልፍ ለመንሳት አይደለም። መመለሻውንም እንደዚያው አስቡት፤ ማታ 11 ሰዓት ተነስቼ አዲስ አበባ በረራ እደርሳለሁ ብሎ ማቀድ የዋህነት ነው።

ላይፍ ጃኬት ጀልባው ውስጥ መኖሩ አይበቃም። ልበሱት። «ዋና እችላለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ዋና የለመደው የሆቴል መዋኛ ውስጥ ነው።

«ወባ በክረምት ነው፣ አሁን ፀሐይ ስለሆነ አጎበር አያስፈልግም»

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። ወባ የሚብሰው ዝናቡ ሲያቆም ነው። ክረምቱ ሲወጣ ውሃው በየቦታው ይቋጥራል፣ ሙቀቱ ይመለሳል፣ ትንኟ ትራባለች። ከመስከረም እስከ ታህሳስ ማለት ነው። አደይ አበባው ፈክቶ ሁሉም ሰው ጣና ጣና የሚልበትም ያኔ ነው። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ወይና ደጋ ስለሆነች ወባ የለም የሚል አለ፣ ግን ወባ አለ።

የምታስተላልፈው ትንኝ በብዛት የምትነድፈው ከመሸ በኋላና ሌሊት ነው። ስለዚህ ሲጨልም ረጅም እጅጌ፣ ካልሲ፣ ሌሊቱን ደግሞ አጎበር። አጎበሩን አንጠልጥሎ መተው አይበቃም፣ ጫፉን ፍራሹ ስር መወተፍ ነው። ቀዳዳ ካለው በመርፌና በክር ስፉት፣ የራሳችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ይሻላል። ነጭ ሽንኩርትና የዳጉሳ አረቄ ወባን ይከላከላል የሚለውን ተዉት፤ አረቄው ቢበዛ የሚያደርገው አጎበሩን ሳትዘጉ እንድትተኙ ነው።

ሌላው ሰው የማያውቀው፣ ትኩሳቱ ቢያንስ ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ ተመልሳችሁ፣ ሥራ ገብታችሁ፣ ጉዞውን ረስታችሁ። አንዱ ዓይነት እንዲያውም ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ትኩሳት ከያዛችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ፣ ለሐኪሙ «ጣና ነበርኩ» በሉት። ነፍሰ ጡር ወይም ትንሽ ልጅ ካላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

«ውሃው ጥሩ ነው፣ መዋኘት ይቻላል፣ እስካልጠጣሁት ድረስ ምንም አይለኝም»

ቢልሃርዝያ በመጠጣት አይደለም የሚይዘው፣ በቆዳ ነው የሚገባው። ትሏ ዳር ዳሩን፣ ደንገልና ሳር ባለበት፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ታድጋለች። ከዚያ ወደ ውሃው ትለቀቃለችና ሰው ሲገባ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳውን በስታ ትገባለች። በዓይን አትታይም። ፀሐይ ሞቅ ሲል ደግሞ በብዛት ትለቀቃለች፣ ማለትም ሁላችንም ልንዋኝ በሚያምረን ሰዓት። የጣና ዳርቻ ነዋሪ በተለይ ልጆች ላይ የታወቀ በሽታ ነው። «እነሱ ይዋኙ የለ?» አይባልም፤ ይዋኛሉ፣ ይታመማሉም።

ለመታጠብ ከአንድ ቀን በላይ በጀሪካን የቆመ ወይም በደንብ የሞቀ ውሃ ተጠቀሙ። ውሃ ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ ወዲያው ሰውነታችሁን በፎጣ ማሸት ትንሽ ይረዳል፣ ዋስትና ግን አይደለም። ከወር ከሁለት ወር በኋላ ሰገራ ተመርመሩ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ ያድናል።

የሚጠጣውን በተመለከተ፣ ሃይላንድ በብዛት ይዞ መሄድ ቀላሉ መንገድ ነው፣ ባዶውን ግን ይዛችሁ ተመለሱ። ደሴት ላይ የቆሻሻ መኪና አይመጣም። ካለቀባችሁ ውሃውን አፍሉ። ጣና ደለል የበዛበት ስለሆነ መጀመሪያ አጥልሉት፣ የክሎሪን ጠብታም ድፍርስ ውሃ ላይ በደንብ አይሠራም።

«ከሰሉ ከቀላ በኋላ ጭስ ስለሌለው ቤት ቢገባ ችግር የለውም»

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን ያዙ።

ጣና ሞቃት ነው ብሎ በቲሸርት የሄደ ሰው ታህሳስና ጥር ላይ ሌሊቱን ያገኘዋል። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፣ ከውሃው የሚመጣው ርጥበት ይጨመርበታል። ከዚያ ምን ይመጣል? ቡና የተፈላበት ምድጃ ገና ትኩስ ነው፣ ፍሙ ያምራል፣ ጭስ የለውም። «እስቲ ወደ ውስጥ አስገቡት፣ እንሙቅ።» በሩ ይዘጋል፣ በትንኝ ምክንያት መስኮቱም ይዘጋል።

ጭሱ አይደለም የሚገድለው። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የቀላ ከሰል ደግሞ አብዝቶ ያወጣዋል። ነቅቶ ያለ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ስለዚህ ወጣ ሊል ይችላል። የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ይቀራል። «የሳር ቤት ነው፣ አየር ያስገባል» የሚለውም አያዋጣም፤ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ ነው፣ በሩም ከተዘጋ የሚበቃ አየር አይዞርም። አጠገቡ ውሃ በጣሳ ማስቀመጥ ምንም አይሠራም። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ወተት ማፍሰስማ ትን ብሎት ሌላ አደጋ ይሆናል። ወዲያው ወደ ንጹህ አየር ማውጣት፣ ከዚያ ሳይዘገዩ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። ጀልባ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ይሄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት።

ሙቀት ከፈለጋችሁ ጋቢ ደርቡ፣ ካልሲና ኮፍያ አድርጉ። ፍራሹ ሳሳ ያለ ከሆነ ከላይ ከመደረብ በፊት ከስር ብርድ ልብስ አንጥፉ፣ ብርዱ ከመሬት ነው የሚመጣው። ምድጃው ውጭ ይደር።

«ሶላር አለ ብለውኛል፣ ስለዚህ መብራት አለ»

አምፖል ያበራል፣ ስልክ ይሞላል። የውሃ ማፍያ ወይም ካውያ ከሰካችሁ ግን አንድ ሺህ ዋት እና ከዚያ በላይ ይጎትታል፣ ያን ጊዜ ጎረቤት ጎጆ ያሉትም በጨለማ ያድራሉ። ስልካችሁን ቀን፣ ፀሐይ እያለ ቻርጅ አድርጉ። ኔትወርክ ደካማ ከሆነ ስልኩ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪ ይጨርሳል፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ሻማ የሳር ክዳን ስር አታብሩ፣ ምክንያቱን የምነግራችሁ አይመስለኝም።

«የጉድጓድ ሽንት ቤት ማለት ሽታና ዝንብ ነው»

የሚሸተው በአግባቡ ሳይያዝ ሲቀር ነው። ጥሩ የተሠራው ከጉድጓዱ ወደ ላይ የሚወጣ ቱቦ አለው፤ ሽታው በቱቦው ይወጣል፣ ዝንቡም ብርሃን አይቶ ወደ ቱቦው ይወጣና ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ቤቱ ጨለም ያለው ለዚህ ነው፣ በሩን ከፍታችሁ አትተዉት። አጠገቡ አመድ በጣሳ ካለ ስትጨርሱ ነስነስ አድርጉ። ውሃ አትድፉበት።

«ፀጥ ያለ ነው፣ እንቅልፍ ይጠገባል»

መኪና የለም እንጂ ድምፅ አለ። እንቁራሪቱ አለ፣ ጉማሬው ያጉረመርማል፣ ሌሊት ላይ የገዳሙ ደወል ይመታል፣ በዓል ከሆነ ማኅሌቱ እስከ ንጋት ነው። ሳይነጋ ደግሞ ወፉ ይጀምራል። እኔ ደስ ይለኛል። እንቅልፍ የምትፈልጉ ግን ባህር ዳር ሆቴል ያዙ።

«መብራት የለውም፣ ርካሽ ይሆናል»

ጎጆው ራሱ ሊረክስ ይችላል። ጀልባው ግን ቤንዚን ይጠጣል፣ ምግቡም ጋዙም በሱ ነው የሚመጣው። ሁለት ሰው ሆኖ ከመሄድ አምስት ስድስት ሆኖ ጀልባውን መካፈል ብዙ ያቀልላል። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፦ ደርሶ መልስ ነው ወይ፣ ነጂው እዚያው ያድራል ወይ ተመልሶ ይመጣል፣ ንፋስ ቢሆን በማግስቱ ስንት ሰዓት? ነጂው እናንተን ጥሎ የሚመለስ ከሆነ ግማሹን ስትሄዱ፣ ግማሹን ደግሞ ባህር ዳር ስትወርዱ ክፈሉት።