ልጅዎ የሃይስኩል ባንድ ሊገባ ነው? ወላጅን የሚያሳስቱ አመለካከቶችና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ባሉ የሕዝብ ሃይስኩሎች ባንድ (የትንፋሽና የምት መሣሪያዎች የሙዚቃ ቡድን) እንደ ሒሳብና እንደ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተመድቦለት የሚሰጥ፣ ክሬዲትም የሚያስገኝ ትምህርት ነው። ከእኛ ከኢትዮጵያውያን ቤት ልጆች መካከል ግን ፍላጎቱ እያላቸው የሚቀሩ አሉ። ቡና ላይ ወይም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የተሰማ አንድ የተሳሳተ ወሬ ወላጅን ያስፈራና ልጁ ሳይሞክረው አራቱ ዓመት ያልፋል። በብዛት የሚነገሩትን እዚህ ላይ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ከ5ኛ ወይም ከ6ኛ ክፍል ያልጀመረ ልጅ አይገባም»

አብዛኞቹ የባንድ ልጆች በ5ኛ ወይም በ6ኛ ክፍል መጀመራቸው እውነት ነው። 9ኛ ክፍል ላይ በሩ ተዘግቷል ማለት ግን አይደለም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የጀማሪዎች ክፍል አላቸው። የጀማሪ ክፍል በሌለበትም ባንዱ ተጫዋች ያጣበትን መሣሪያ መያዝ ይቻላል፤ ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛ ድምፅ ያላቸው ቱባ፣ ዩፎኒየም ወይም ትሮምቦን ናቸው። የእነዚህ መሣሪያዎች ድርሻ በቀላል ሙዚቃ ላይ ረጋ ያለ ስለሆነ ዘግይቶ የጀመረ ልጅ ይደርስበታል። ሆርንና ኦቦ ግን ድምፃቸውን አስተካክሎ ማውጣት ጊዜ ይፈልጋል፣ ለዘገየ ልጅ አይመከሩም። ማርሽ ባንድ (ሜዳ ላይ እየተራመደ የሚጫወት ባንድ) ባለበት ደግሞ ባንዲራ የሚያወዛውዘው ቡድንና ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ የምት መሣሪያ የሚጫወተው ቡድን ልምድ የሌለውን ልጅ ብዙ ጊዜ ይቀበላሉ።

ትልቁ ስህተት ያለው ጊዜው ላይ ነው። ወላጅ ነሐሴ ላይ ትምህርት ሊከፈት ሲል ይጠይቃል፤ የሚቀጥለው ዓመት ኮርስ የሚመረጠው ግን በአብዛኛው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ካውንስለሩን ብቻ አይጠይቁ፣ ለባንዱ መምህር በቀጥታ ኢሜይል ይጻፉ። ኢሜይሉ ውስጥ ሦስት ነገር ይግባ፦ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሚገባ፣ ከዚህ በፊት ምን እንደነካ (ክራር፣ ኪቦርድ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ሁሉም ይቆጠራል)፣ እና የትኛውንም የጎደለ መሣሪያ ለመያዝ ፈቃደኛ እንደሆነ። ሦስተኛዋ ዓረፍተ ነገር በር ትከፍታለች።

መምህሩ እሺ ካለ ክረምቱ ይበቃል። በቀን 25 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን የሚሠራ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት በአተነፋፈስና ድምፅ በማውጣት ብቻ ያሳልፋል። ከዚያ አምስት ኖታዎች፣ ቀጥሎ ሙሉ የቢ ፍላት ስኬል (በተርታ የሚወጣና የሚወርድ የድምፅ መሰላል)፣ በ10ኛው ሳምንት ቀላል ዜማ ከወረቀት አንብቦ መጫወት። መምህር በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ቢያየው የተሻለ ነው፤ በመጀመሪያው ወር የተያዘ የአፍ አቀማመጥ ስህተት በኋላ ለማረም ወራት ይፈጃል።

«ኖታ የፈረንጅ ነው፣ የእኛ ልጅ ጆሮው ሌላ ነው»

ዜማን በምልክት ጽፎ ማንበብ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ጾመ ድጓ የተማረ ሰው ከቃሉ በላይ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ድፋት እያየ ሲያዜም ኖሯል። የትንፋሽ መሣሪያውም ቢሆን በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ የገቡት «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ባንድ ከሆኑ መቶ ዓመት አልፏል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውን በቴነር ሳክስፎን አሰማ፤ ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን በርክሊ ተምሮ ቫይብራፎኑን ከቅኝቶቻችን ጋር አስማማ። ልጁ የሚይዘው መሣሪያ ከቤቱ ሙዚቃ ጋር ቀድሞ የተዋወቀ ነው።

እንዲያውም ይህንን ይሞክሩ። ልጁ የመጀመሪያውን ስኬል ሲለማመድ ፋንና ሲን ትቶ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላን ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲነፋ ያድርጉ። ትዝታ ነው! ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ሲያወርድ ደግሞ የትዝታ ሚኖር ይሆናል። ለልምምድ የሰለቸን ልጅ ይህ ያነቃዋል፤ አያት ቤት ውስጥ ካሉማ ይበልጥ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው። ጆሮው ጥሩ የሆነ ልጅ አጠገቡ ያለውን እየሰማ ይከተላል፣ ወረቀቱን የሚያነብ ይመስላል፤ መምህሩ እንኳ ለወራት ላያውቅ ይችላል። ፈተና ላይ አይቶት የማያውቀው ኖታ ብቻውን ሲሰጠው ያኔ ይገለጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከመንፋቱ በፊት የኖታውን ምት በእጁ እያጨበጨበ «አንድ እና ሁለት እና» ብሎ ጮክ ብሎ ይቁጠር። መቁጠር ያልቻለውን አላነበበውም።

ኪቦርድ የሚያውቅ ልጅ ላይ ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት ይመጣል። በክላርኔት ወይም በትራምፔት የተጻፈ ዶ ሲነፋ የሚሰማው የፒያኖው ቢ ፍላት ነው፤ በአልቶ ሳክስፎን ኢ ፍላት፣ በሆርን ኤፍ። ስልክ ላይ ያለው መቃኛ አፕም «ቢ ፍላት» ብሎ ያሳያል። መሣሪያው አልተበላሸም፣ አፈጣጠሩ እንደዚያ ነው።

«ሳክስፎን ያምራል፣ ሳክስፎን ይያዝ»

ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው። በብዙ ባንዶች ሳክስፎንና ፍሉት ሲትረፈረፉ ዝቅተኛ ድምፅ ያላቸው መሣሪያዎች ይጎድላሉ፤ ውድድሩም የዚያኑ ያህል ይለያያል። ልጁ ከመወሰኑ በፊት ሦስት አራት መሣሪያ ይሞክር፣ በመጀመሪያው ቀን ድምፅ በቀላሉ የወጣለትንም መምህሩ ይመልከት። ብሬስ ያደረገ ልጅም ትራምፔት ይችላል፤ የጥርስ ሐኪሙ የሚሰጠውን ሰም ሽቦው ላይ ይለጥፋል፣ መሣሪያውን ከንፈሩ ላይ አጥብቆ መጫንን ይተዋል፣ ጥቂት ሳምንት ይለምደዋል።

«ከኦንላይን አዲስ መግዛት ከኪራይ ይረክሳል»

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። በመቶ ምናምን ዶላር የሚሸጡ፣ ቀለማቸው የሚያብረቀርቅ፣ ጓንትና መጥረጊያ ጨርቅ አብሮ የሚመጣላቸው መሣሪያዎች አሉ። ብረታቸው ለስላሳ ስለሆነ ቁልፎቻቸው ይታጠፋሉ። ቅኝታቸው ስለማይገጥም ልጁ ትክክል ቢነፋም ከሌላው ጋር አይስማማም፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል። ሲሰበሩም ብዙ ጠጋኞች «መለዋወጫ የለውም» ብለው ይመልሷቸዋል። ተስፋ ቆርጠው ባንድ ከሚተዉ ልጆች አንዳንዶቹን ያስተዋቸው ይኸው መሣሪያ ነው።

ቱባ፣ ዩፎኒየም፣ ባሪቶን ሳክስፎን፣ ባሱን፣ ብዙ ጊዜም ሆርንና ትልልቆቹ የምት መሣሪያዎች የትምህርት ቤቱ ንብረት ናቸው፤ ልጁ ፈርሞ ይወስዳል። ትራምፔት፣ ክላርኔት፣ ፍሉት ከሙዚቃ ሱቅ ይከራያሉ፣ ኪራዩ በወር ከ20 እስከ 50 ዶላር ገደማ ነው። ከመፈረምዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦ የጥገና ዋስትና በዋጋው ውስጥ አለ ወይ? ከምከፍለው ስንቱ ወደ ግዢ ይታሰባል? ልጁ ቢተወው መሣሪያውን ያለ ቅጣት መመለስ ይቻላል? ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ሻጩ መምህሩ እስኪያየው ይታገሥ፤ እምቢ ካለ ይተዉት። ትራምፔት ከሆነ ሦስቱም ቫልቮች ሲጫኑ ሳይያዙ ይመለሱ፣ ስላይዶቹ (ተሳቢ ቱቦዎቹ) በእጅ ይሳቡ፣ ማውዝፒሱ (አፍ የሚያርፍበት ክፍል) የሚገባበት ቱቦ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አይኑር። ቀይ ነጠብጣብ ናሱ ከውስጥ እየተበላ ለመሆኑ ምልክት ነው።

ክፍያውን በተመለከተ፦ ማርሽ ባንድ ለዩኒፎርም፣ ለጫማ፣ ለጉዞ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊጠይቅ ይችላል። ዝም ብሎ ከመቅረት መምህሩን ለብቻው ማናገር ይሻላል። ብዙ ቦታ በየወሩ መክፈል ይፈቀዳል፤ ልጁ የትምህርት ቤት ምሳ በነፃ ወይም በቅናሽ የሚያገኝ ከሆነም የሚቀነስበት መንገድ አለ። በካሊፎርኒያ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ላለው ትምህርታዊ እንቅስቃሴ ክፍያ ማስገደድ አይችሉም፤ የሚጠየቀው መዋጮ በፈቃደኝነት ነው።

«መሣሪያው ተበላሽቷል»

ልጁ ትራምፔቱን አጽድቶ መልሶ ሲገጥመው አየር አልሄድ ይላል፣ እንደተደፈነ ቧንቧ ይሆናል። ወላጅ ወደ ጥገና ሊሮጥ ይነሣል። ብዙውን ጊዜ ግን አንዱ ቫልቭ ቦታውን ስቶ ነው። እያንዳንዱ ቫልቭ ላይ 1፣ 2 ወይም 3 ተቀርጿል፤ ቁጥር 1 የሚገባው ወደ አፍ በሚቀርበው ቀዳዳ ነው። የላዩን ክዳን ፈትተው ቫልቩን ቀጥ አድርገው ይሳቡ፣ ከ3 እስከ 5 ጠብታ የቫልቭ ዘይት ያድርጉበት፣ ይመልሱትና «ቀጭ» ብሎ እስኪቀመጥ ቀስ አድርገው ያዙሩት። ያቺ ቀጭታ ከሌለች የቫልቩ ቀዳዳ ከቱቦው ጋር አልተገናኘም። የወጥ ቤት ዘይት በፍጹም አይጠቀሙ፣ እየቆየ ይወፍርና ቫልቩን ያጣብቃል።

ማውዝፒስ ሲጣበቅ ፒንሳ አይንሡ። የሚጠመዘዘው ቀጭኑ ቱቦ ነው፣ የተበየደበት ቦታ ይላቀቃል። መምህሩ ጋ መንቀያ አለ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሚጣበቀውም በመዳፍ ጠፍ ጠፍ እየተደረገ ስለሚገባ ነው፤ አስገብቶ በትንሹ ማዞር ይበቃል።

ክላርኔት ሲጮህ፣ «ጲጵ» ሲል፣ አስቀድመው ሪዱን (ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረውን ቀጭን የሸምበቆ ልጥ) ይዩ። ጫፉ ከተሸረፈ ይጣላል። ጀማሪ በ2 ወይም በ2.5 ቁጥር ይጀምራል፤ ሦስት ሪድ እያፈራረቀ ቢጠቀም አንዱን ብቻ ከሚጨርስ ይሻላል። ማንኛውንም የትንፋሽ መሣሪያ ከመንፋት በፊት አፍ በውሃ ይጉመጥመጥ። ስኳር ያለበት ምራቅ ቁልፍ ያጣብቃል።

«ቅዳሜ ለሦስት ሰዓት ከሠራ ይበቃዋል»

አይበቃም። የከንፈር ጡንቻ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይደክማል፣ ከዚያ ልጁ መሣሪያውን እየጫነ መንፋት ይለምዳል። በየቀኑ 25 ደቂቃ፦ 5 ለረጅም ድምፅ፣ 5 ለስኬል፣ 10 ለከበዱት አራት ባር (በቋሚ መስመር የተከፈሉ የኖታ ክፍሎች)፣ 5 ሙሉውን ለመጫወት። የከበደውን ቦታ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) በደቂቃ 60 ምት ጀምሮ ሳይሳሳት ሦስት ጊዜ ሲያልፈው በ4 ይጨምር።

«ባንድ ውጤት ያበላሻል»

ፍርሃቱ መሠረት አለው፣ ምክንያቱም የማርሽ ባንድ ወቅት ከባድ ነው። ከነሐሴ እስከ ኅዳር በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ማታ ልምምድ፣ ዓርብ የፉትቦል ጨዋታ፣ አንዳንድ ቅዳሜ ውድድር አለ። ከኅዳር በኋላ ግን ኮንሰርት ባንድ (ተቀምጦ የሚጫወት ባንድ) ይሆናል፣ አብዛኛው ሥራ በክፍል ውስጥ ነው። ማርሽ ባንድ ሁሉም ቦታ ግዴታ አለመሆኑንም ይወቁ፤ «ኮንሰርት ባንድ ብቻ መውሰድ ይቻላል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የዓመቱ ቀን መቁጠሪያ ክረምት ላይ ይሰጣል፤ ከትላልቅ ፈተናዎችና ከፋሲካ ጋር ያመሳክሩትና የሚጋጨውን ወዲያው ያሳውቁ።

ክሬዲቱም ይጠቅማል። በሜሪላንድና በቴክሳስ ለመመረቅ የሥነ ጥበብ 1 ክሬዲት ያስፈልጋል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ መስፈርትም የአንድ ዓመት የሥነ ጥበብ ትምህርት ይጠይቃል፤ ባንዱ በዩኒቨርሲቲው የጸደቀ ኮርስ መሆኑን ከካውንስለሩ ያረጋግጡ።

«የሚጾም ልጅ ማርሽ ባንድ አይችልም»

ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። የማርሽ ባንድ ካምፕ አብዛኛውን ጊዜ ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት አጋማሽ ነው። ፍልሰታ ደግሞ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 ጀምሮ ለ15 ቀን ይጾማል። ልጆች አጥብቀው የሚጾሙት ጾም ከዓመቱ ከባድ ልምምድ ጋር ይገጥማል ማለት ነው። ልጁ አስፋልት ላይ በፀሐይ፣ መሣሪያ ተሸክሞ፣ ሙሉ ትንፋሽ እየወሰደ ለሰዓታት ይቆማል። ውሃ ያልጠጣ ልጅ ረፋዱ ላይ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ጉልበቱን ገትሮ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ይፈጥናል።

ስለዚህ ካምፑ ሳይጀምር የንስሐ አባቱን ያማክሩ፣ የቀኑን ሰዓትና የሥራውን ዓይነት በግልጽ ይንገሯቸው። መምህሩም ልጁ እንደሚጾም ይወቅ፤ ብዙዎቹ መምህራን ጥላ ሥር ያሳርፉታል። ግማሽ ጋሎን የሚይዝ የውሃ ዕቃ፣ ሰፊ ኮፍያ፣ ጠዋት የጾም ፍርፍር ወይም አጃ፣ ለዕረፍት ሙዝና ቆሎ፣ ለምሳ ሽሮ የተጠቀለለበት እንጀራ ይዘጋጅለት። በረመዳን የሚጾም ልጅም ቢሆን መምህሩ ቀድሞ ካወቀ የፈተና ሰዓቱን ወደ ጠዋት ሊያደርግለት ይችላል።

ዓርብን ደግሞ አይርሱ። ከጨዋታው በፊት ለባንዱ የሚታደለው በአብዛኛው ፒዛ ነው፣ ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ጠዋት ምሳ ዕቃው ውስጥ ሁለተኛ ምግብ ይግባለት፣ ስሙ ተጽፎበት ከመሣሪያው ሣጥን ጋር አውቶቡሱ ላይ ይጫን።