የግብር ከፋዮች ድምፅ በባሕር ዳር

ባሕር ዳር ላይ «ግብር ከፋይ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴ የትርፍ ግብር የክልሉ ገቢ ስለሆነ፣ ከፋዩም፣ ሰብሳቢውም፣ በጀቱን የሚያጸድቀው ምክር ቤትም አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው። ያም ሆኖ ጎልቶ የሚሰማው «በዛብኝ» የሚለው አቤቱታ ነው፤ «ገንዘቤ ምን ላይ ዋለ?» የሚለው ገና አልበረታም።

አቤቱታው ሥር የሰደደ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ ባሕር ዳርን ይጨምር የነበረው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ገበሬ አመፀ። ያስፈራው የብሩ ልክ ብቻ አልነበረም፤ ገማች ከመጣ መሬት ይለካል፣ መሬት ከተለካ ርስት ይነካል ብሎ ነበር የሠጋው። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን አዘመተ። በኋላ ግን አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብር ተማረ፣ አዋጁም በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። በአገራችን ታሪክ ግብር ከፋይ እንዲህ በግልጽ ያሸነፈበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የተከፈለው ደም ግን ሊረሳ አይገባም።

ያንን የገማች ፍርሃት የወረሰው የቀን ገቢ ግምት ነው። መዝገብ የማይዝ አነስተኛ ነጋዴ ሱቅ ድረስ ኮሚቴ ይመጣል፣ የዕለት ሽያጩን ይገምታል፣ የዓመቱ ግብር ከዚያ ይሰላል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በዚሁ ግምት የተነሣ አምቦን ጨምሮ በተለያዩ የአገሪቱ ከተሞች ሱቆች ተዘግተው ነበር።

መከራከሪያ መንገድ የለም ማለት አይደለም። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ቅሬታ በ21 ቀን፣ ይግባኝ በ30 ቀን ይቀርባል ተብሎ ተደንግጓል። ይግባኝ ባዩ ግን ካከራከረው ግብር ግማሹን አስቀድሞ መክፈል ነበረበት። ይህ ለትልቅ ድርጅት የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ ዕቃ በዱቤ ለሚያመጣ ባለሱቅ ግን በር መዝጋት ነው። የንግድ ፈቃድ የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ሲሆን የግብር ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚገልጽ ማስረጃ፣ ይጠየቃል። ፈቃዱ እንዳያልፍበት የሚሠጋ ነጋዴ ከመሟገት ይልቅ ከፍሎ መገላገልን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

የነጋዴውን ጉዳይ ይዘው የሚናገሩት በአዋጅ ቁጥር 341/1995 የተደራጁት የንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች ናቸው። አስተዳደራዊ በደል የደረሰበት ሰው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም ማመልከት ይችላል። ደመወዙ እጁ ሳይገባ ግብር የሚቆረጥበት መምህርና ሲሸምት 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚከፍል ሰው ግን የንግድ ምክር ቤት አባል አይደሉም። በእኔ እምነት ትልቁ ክፍተት ይኸ ነው።

የወጪው ጥያቄ በሕግ ባለቤት አለው፤ የክልሉ ዋና ኦዲተር የመሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ለክልሉ ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል። ምርመራ የሚገባቸው ጉዳዮችም ሩቅ አይደሉም። ጣናን በወረረው እምቦጭ ላይ የወጣው ገንዘብ አንዱ ነው። ሌላው ግንባታው በ2000 ዓ.ም. የተጀመረው የባሕር ዳር ስታዲየም ነው። በ2014 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መስፈርቱን አያሟላም ብሎ ሲያግደው ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር አደረገ። ያኔ ነገሩ በብዛት የተወራው እንደ ስፖርት ዜና ነበር።