የመኪና በር የክንድ መደገፊያ ምንድን ነው? ሲሰበርስ ለምን በማጣበቂያ ብቻ አይድንም?

ስሙን ብቻ ለሰማ ሰው የክንድ መደገፊያ ክንድ የሚያርፍበት ትራስ ይመስላል። ሥራው ግን ከስሙ ይሰፋል። በበሩ የውስጥ ልባስ ላይ የተተከለ የፕላስቲክ አካል ሲሆን፣ በብዙ መኪኖች በሩ ከውስጥ ተስቦ የሚዘጋበት እጀታም፣ የመስኮት ማዘዣ ቁልፎች የሚቀመጡበትም እሱው ነው። ክንድ ሲያርፍበት ወደ ታች ይጫናል፤ በር ሲዘጋ ደግሞ ወደ ውስጥ ይሳባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰብረው ይኸኛው ነው።

ከላይ የሚታየው ስፖንጅና ቆዳ መሰል ሽፋን ነው። ሸክሙን የሚችለው ግን ከሥሩ ያለው ደረቅ ፕላስቲክ ነው። መደገፊያውን ከበሩ ብረት ጋር የሚያስሩት ጥቂት ብሎኖች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ብሎን ቱቦ በመሰለች አጭር የፕላስቲክ እግር ውስጥ ያልፋል። በሩ በተሳበ ቁጥር ጉልበቱ የሚያርፈው በእነዚህ እግሮች ሥር ነው። ፀሐይና ሙቀት ፕላስቲኩን ከዓመት ዓመት እያደረቁ ተሰባሪ ያደርጉታል፤ ተሳፋሪም ሲወርድ ክብደቱን ይጥልበታል። ላዩ ደህና ሆኖ ሳለ መደገፊያው የሚወዛወዝ ከሆነ እግሩን መጠርጠር ነው።

እኔ መጀመሪያ የሞከርሁት እንደ ማንም ሰው ሱፐር ግሉ ነበር። ሲደርቅ ድንጋይ ሆነ፤ ደስ አለኝ። በሩን ጥቂት ጊዜ እንደ ዘጋሁት ግን በዚያው መስመር ተላቀቀ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይህ ማጣበቂያ ጠንካራ ቢሆንም ድንገተኛ መሳብን አይችልም። ሁለተኛ፣ ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። የመደገፊያውን ጀርባ ገልብጠው ቢያዩ፣ በሁለት የቀስት ጫፎች መካከል የታተሙ ጥቃቅን ፊደላት ሊያገኙ ይችላሉ። ፒፒ (PP) የሚል ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ ነው፤ ገጹ ቅባት እንደ ነካው ስለሆነ ሱፐር ግሉም ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚሠራው ማጣበቂያ፣ ተራ ኢፖክሲም፣ አይዙትም። ኤቢኤስ (ABS) የተባለው ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ከሆነ ግን ዕድለኛ ነዎት።

ኤቢኤስ አሴቶን በሚባለው ማሟሟያ ፈሳሽ ይሟሟል። የዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ስብርባሪ አሴቶን ውስጥ ሲዘፈዘፍ ወፍራም ሊጥ ይሆናል፤ ስንጥቁ ላይ ሲቀባ ሁለቱን ወገን አዋህዶ ይደርቃል። ቢያንስ 24 ሰዓት መታገሥ ያስፈልጋል። ፒፒን የሚያድነው ግን ሙቀት ነው። 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ፣ የሬዲዮ ጠጋኞች በሚጠቀሙበት የጋለ የመበየጃ ጫፍ ስንጥቁን ማቅለጥ፣ ቀጭን የብረት ወንፊት ማስመጥ፣ ላዩን በፒፒ ቁራጭ መሸፈን ይቻላል። ጭሱ አይሸተት፤ መስኮት ይከፈት። ስንጥቁ ከመሞላቱ በፊት ጫፉ ላይ 3 ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ መብሳት ደግሞ እንዳይቀጥል ይገታዋል። ብዙ ሰው የሚዘላት ይህችን ነው።

ማውጣቱ ከመጠገኑ ይቀላል፤ ብሎኖቹ በትንንሽ ክዳኖች ሥር ይደበቃሉ። አንዳንድ መኪና ግን በበሩ ውስጥ የአየር ከረጢት አለው። እንዲህ ዓይነት መኪና ከሆነ ባትሪውን ነቅሎ፣ የመኪናው መመሪያ የሚያዝዘውን ያህል ደቂቃ ጠብቆ መጀመር ነው። የቁልፎቹ ሽቦም ሳይነቀል መደገፊያው አይጎተት።

ሲመለስ ከብሎኑ ራስ ሥር ሰፋ ያለ ሮንዴላ (መሀሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት) ይግባ፤ ጉልበቱን በሰፊው ይበትነዋል። ብሎኑ እስኪይዝ ድረስ ብቻ ይጥበቅ፤ ከዚያ ካለፈ የተጠገነውን እግር ራሱ ይሰነጥቀዋል። በረጅም ብሎን መተካት ግን አደገኛ ነው፦ ጫፉ በሩ ውስጥ የሚወርደውን መስታወት ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ሽቦው ከተመለሰ በኋላ፣ ክዳኖቹ ሳይገጠሙ መስታወቱን እስከ ታች አውርዶ መልሶ ማውጣትና ጆሮ ሰጥቶ ማዳመጥ ነው።